መልስ፦ ኦዱ ለምን ይቀድመኛል?
በትዊች (የጌም ቀጥታ ስርጭት በሚታይበት ድረ ገጽ) ካውንተር ስትራይክ የሚባለውን የተኩስ ጌም እያየሁ ልወራረድ ስል ኦዱ (ካሸነፍክ ያስያዝከው ብር የሚባዛበት ቁጥር) ተቀይሮ ይጠብቀኛል ላልከው፣ ወንድሜ፣ ኢንተርኔትህ ላይ አትፍረድ። የትልልቅ ውድድሮች ስርጭት ብዙ ጊዜ ሆን ተብሎ ይዘገያል፤ ተጫዋቾቹ ተቃራኒያቸው የት እንደቆመ ከስክሪን እንዳያዩ ነው። ትልልቆቹ አወራራጆች ግን ብዙ ጊዜ በቀጥታ ከጨዋታው ሰርቨር የሚወጣ መረጃ ይገዛሉ። አንተ ቦምቡ ሲተከል ስታይ እነሱ ጋ ዙሩ አልቋል!

ውጤቱም ይሸውዳል። ቀድሞ 13 ዙር ያሸነፈ ማፑን (የሚጫወቱበትን ሜዳ) ይወስዳል፣ ከ12 ዙር በኋላ ግን ጎን ይቀያየራሉ፤ ቦምብ ተካዩ ተከላካይ፣ ተከላካዩም ተካይ ይሆናል። 8 ለ 4 የሚመራው ቡድን ቀላሉን ጎን ጨርሶ ሊሆን ይችላል።

ደግሞ ለሁለቱም ቡድን 1.85 ከሰጡህ ሒሳቡን ስራው፦ በሁለቱም ላይ 100፣ 100 ብር ብታስይዝ 200 አውጥተህ 185 ትቀበላለህ። 15ቷ የአወራራጁ ናት። እኔማ ላይቭ አልወራረድም፣ ጨዋታውን ብቻ ነው የማየው።