ቱሉ ዲምቱ ላይ ተከታትለው የተጋጩት መኪኖች፦ ካሳውን ማን ይከፍላል? (ጥያቄና መልስ)

ዛሬ ማታ ጠበቃው ጋሼ ስለ መኪና አደጋ ካሳ ይመልሳሉ። ጥያቄያችሁን አሳጥሩ።

ከገላን፦ ጋሼ፣ ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ። ፊት ያለችው የቤት መኪና ድንገት ፍሬን ያዘች፣ እኛም ቆምን፣ ሲኖትራክ ከኋላ መጥቶ ገጨን። እግሬ ተሰብሯል። ሦስቱም ሹፌሮች ጣት ይጠቋቆማሉ። ማንን ልክሰስ?

ጋሼ፦ እነሱ ይጨቃጨቁ፣ አንተ ተሳፋሪ ነህ። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 ባለመኪናውን ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ ያደርገዋል። ሹፌሩ ነዳው፣ ረዳቱ ነዳው፣ ለውጥ የለውም። መኪናው በዚያ ሰዓት ተሰርቆ ነበር ብሎ ካስረዳ ግን ያመልጣል።

አሁን ወደምወደው ቁጥር ልምጣ፣ 2084። ሁለት መኪና ሲጋጭ ሕጉ ሁለቱም እኩል አስተዋጽኦ አድርገዋል ብሎ ይነሳል። ባለንብረቶቹ ጉዳቱን ግማሽ ግማሽ ይሸከማሉ። አንዱ ሹፌር ብቻውን ወይም በዋናነት ማጥፋቱ ከተረጋገጠ ግን ይህ ግምት ይፈርሳል። በተከታታይ ግጭት ክርክሩ ሁሉ እዚህ ነው። ሚኒባሱ ቆሞ ነው የተገፋው ወይስ አስቀድሞ የፊቱን ገጭቷል? ትራፊክ ፖሊስ ያነሳውን ፕላን አውጣና የፍሬን ምልክቱን እይ። የተሳፋሪ ምስክርም ትልቅ ነገር ነው። የተንገጫገጫችሁት አንዴ ነው ሁለቴ? መጀመሪያ ከፊት ነው ከኋላ? ሳትረሱት ዛሬውኑ ጻፉት።

ተጠያቂዎቹ ብዙ ከሆኑ በ2155 መሠረት ኃላፊነታቸው የጋራ ነው። አንዱ ከፍሎህ ሌላውን ይጠይቅ። ከሚኒባሱ ጋር የማጓጓዣ ውልም ስላለህ ክሱ ላይ ለይተህ አስጽፈው።

ደግሞ ስሙኝ፦ ባለመኪናዎቹ ሽማግሌ ይዘው ሆስፒታል ይመጣሉ። ሕክምናው ሳያልቅ፣ የሕክምና ቦርድ የጉዳቱን መጠን ሳይጽፍ፣ "ከእንግዲህ አልጠይቅም" የሚል ወረቀት ላይ እንዳትፈርሙ።

ከሰበታ፦ ካሳው ስንት ይሆናል?

ጋሼ፦ የምን ካሳ? ምን ሥራ ነው የምትሠራው? ምንህ ተጎዳ? ደረሰኝ አለህ?

ከዱከም፦ ኢንሹራንስ ይከፍል የለ እንዴ?

ጋሼ፦ መኪናው ሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚገባው የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ በአዋጅ ግዴታ ነው፣ ግን ክፍያው ጣሪያ አለው። ከጣሪያው በላይ ያለውን ባለንብረቱን ትጠይቃለህ። ገጭቶ ያመለጠ ወይም ኢንሹራንስ የሌለው መኪና ከሆነ ለእንዲህ ዓይነቱ ተጎጂ የሚከፍል የመድን ፈንድ አለ።

ከለገጣፎ፦ እነዚህ ቀይ ሽብሮች፣ ሲኖትራኮቹን ማለቴ ነው፣ ቀን ቀን ይታገዱ! ሰው ጨረሱ።

ከአቃቂ፦ የሲኖ ሹፌር ነኝ። ሚኒባሱ ሰው ለመጫን መሀል መንገድ ላይ ሲቆም ማን ይናገረዋል?

ከለገጣፎ፦ ርቀትህን ጠብቀህ ብትነዳ ምን ይሆናል?

ከአቃቂ፦ አሸዋ ጭነህ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ያዝና እየው!

ጋሼ፦ በቃችሁ። ሹፌሩ ግን አንድ ነገር ያዝ፦ ወንጀሉ ሌላ፣ ካሳው ሌላ። በወንጀል ክስ ነጻ ብትባልም የካሳው ፍርድ ቤት በዚያ አይታሰርም።

ከቡራዩ፦ መኪናዬን በውክልና ሸጫለሁ፣ ሊብሬው በእኔ ስም ነው። የገዛው ሰው ገጨ።

ጋሼ፦ መጀመሪያ የሚከሰሰው ሊብሬው ላይ ስሙ ያለው ነው። ስም አዛውሩ ብዬ ስንት ጊዜ ልንገራችሁ? የሽያጭ ውልህን ይዘህ ጠበቃ ጋ ሂድ።

ከቃሊቲ፦ ለሐዘኑስ ጋሼ? እህቴን አጥቻለሁ።

ጋሼ፦ እግዚአብሔር ያጽናሽ። 2116 ላይ የሕሊና ጉዳት ካሳ ጣሪያው 1000 ብር ነው። ሕጉ ሲወጣ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ምን እንደሚገዛ ታውቂያለሽ። መለወጥ ያለበት ቁጥር ይህ ነው ብዬ በየችሎቱ ጮኼያለሁ። ልጆች ወይም ወላጆች ትታ ከሆነ ግን እነሱ የቀለብ ካሳ በራሳቸው ሊጠይቁ ይችላሉ። ዋናው ገንዘብ እዚያ ነው።

ከሱሉልታ፦ የእኔ ሦስት ዓመት ሆኖታል።

ጋሼ፦ በ2143 መሠረት የካሳ ክስ የሚቀርበው በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። ድርጊቱ ወንጀል ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ (መክሰሻ ጊዜው) ረጅም ከሆነ ግን ረጅሙ ይሠራል። የፖሊስ መዝገቡን ይዘህ ነገውኑ ጠበቃ ጋ ሂድ።

ከሰበታ፦ እኔን መኪና ገጨኝ፣ ምን ላድርግ?

ጋሼ፦ ከላይ አንብብ። ምንም ነገር ላይ አትፈርም።