ሦስቱ የኩምቡ በሮች፦ ስለ ኮንግማ ላ፣ ቾ ላ እና ሬንጆ ላ ጥያቄና መልስ

አስተባባሪ፦ ጤና ይስጥልን። የዛሬው ርዕስ በኔፓል፣ በኤቨረስት ግርጌ ባለው የኩምቡ ሸለቆ ሦስቱን ከፍተኛ በሮች ከመሪ ጋር በእግር ማቋረጥ ነው። ጋሼ መንገዱን ጠንቅቀው ስለሚያውቁ እሳቸው ይመልሳሉ። ጥያቄ አጠር ይበል፤ የተጠየቀ አይደገም።

መላሽ፦ «ላ» በሼርፓም በቲቤትም ቋንቋ የተራራ መሻገሪያ ነው። እኛ ጣርማ በር ስንል «በር» የምንለው ማለት ነው፤ እኔም በር እያልኩ እጽፋለሁ። ኮንግማ ላ 5,535 ሜትር፣ ቾ ላ 5,420፣ ሬንጆ ላ 5,360 ነው። ገመድ ይዞ የሚወጣ ገደል የለባቸውም። ነገር ግን እዚያ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ግማሽ ገደማ ነው። ሰውን የሚጥለው ዳገቱ ሳይሆን የተቻኮለ ፕሮግራም ነው። ቀን አትቀንሱ።

ጠያቂ (ከዱባይ)፦ ጋሼ፣ አንድ ድርጅት በ14 ቀን እንጨርሳለን አለኝ፤ ሌላው 19 ቀን ይላል፤ ዋጋውም ይለያያል። የቱ ይሻላል?

መላሽ፦ ዋጋውን ለጊዜው ተወውና በየሌሊቱ የምትተኛበትን ከፍታ በወረቀት ጻፍ። ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ መጨመር የለበትም፤ በየሦስት ወይም አራት ቀኑም አንድ ተጨማሪ ሌሊት እዚያው ይታደራል። በዚህ ስሌት ሲሠራ እንዲህ ይወጣል፦ በአውሮፕላን ሉክላ (2,860) አርፎ ፋክዲንግ (2,610) ማደር፤ ናምቼ (3,440) ሁለት ሌሊት፤ ቴንግቦቼ (3,860)፤ ዲንግቦቼ (4,410) ሁለት ሌሊት፤ ቹኩንግ (4,730) ሁለት ሌሊት። ከዚያ ኮንግማ ላን ተሻግሮ ሎቡቼ (4,910)፤ ጎራክ ሼፕ (5,160)፤ ድዞንግላ (4,830)፤ ቾ ላን ተሻግሮ ድራግናግ (4,700)፤ ጎክዮ (4,790) ሁለት ሌሊት፤ ሬንጆ ላን ተሻግሮ ሉንግደን (4,380)፤ በታሜ በኩል ናምቼ፤ ሉክላ። ከፋክዲንግ ወደ ናምቼና ከቴንግቦቼ ወደ ዲንግቦቼ ከ500 ሜትር እንደሚያልፍ አይታችኋል፤ ሁለቱም ቦታ ላይ ሁለት ሌሊት የታደረው ለዚህ ነው።

ይህ በእግር 17 ቀን ገደማ ነው። የ14 ቀኑ ፕሮግራም ሲሠራ መጀመሪያ የሚቆረጡት የዲንግቦቼና የቹኩንግ ተጨማሪ ሌሊቶች ናቸው፤ ማለትም ከመጀመሪያውና ከከፍተኛው በር በፊት ሰውነት የሚለምድባቸው ቀናት። አንተ ደግሞ የምትነሳው ከባሕር ዳርቻ ነው። 19ኙን ያዝ፤ ለሉክላ በረራም ሁለት ሦስት መጠባበቂያ ቀን ጨምር። የሉክላ ማኮብኮቢያ 527 ሜትር ብቻ የሆነ ዳገት ነው፤ ደመና ከወረደ በረራ የለም። ሰው በሚበዛበት ወቅት በረራው ከካትማንዱ ሳይሆን ከራሜቻፕ ስለሆነ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ በመኪና መነሳት አለ። ሻንጣም በአብዛኛው በጠቅላላው 15 ኪሎ ነው።

ጠያቂ (ከአዲስ አበባ)፦ እኛ 2,300 ሜትር ላይ ነው የምንኖረው። እንጦጦ እሮጣለሁ፣ ራስ ዳሸንም 4,620 ሜትር ነው፣ ወጥቼዋለሁ። እነዚያ የዕረፍት ቀናት ለፈረንጅ አይደሉም?

አባል (ከጎንደር)፦ ራስ ዳሸን 4,620 የሚለው የድሮ ልኬት ነው። 4,533 ነው።

አባል (ከሚኒሶታ)፦ 4,550 ነው፤ አዲሱ ካርታ እንደዚያ ይላል። ደግሞ የሰሜን ሰው ደሙ ለከፍታ የተሠራ ነው፤ ጥናት አለ።

አባል (ከጎንደር)፦ ጥናቱ ስለ ሁሉም አበሻ አይደለም!

መላሽ፦ ስለ ራስ ዳሸን ሌላ ቀን ተከራከሩ፤ በ4,533 እና በ4,550 መካከል ያለው 17 ሜትር ለዚህ ጉዞ ምንም አይለውጥም።

ጥናቱ አለ፤ በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። የተለኩት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ ተወልደው እዚያው የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። የደማቸው ኦክስጅን 95 በመቶ ገደማ፣ ሄሞግሎቢናቸውም በቆላ ከሚኖር ሰው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። ትልቅ ግኝት ነው። ነገር ግን ጥናቱ 5,500 ሜትር ላይ ማንም አይታመምም አላለም፤ አዲስ አበባ ቢሮ ተቀምጦ የሚውለውንም አልለካም።

የአዲስ አበባ ነዋሪነት የሚጠቅመው መጀመሪያው ላይ ነው። ሉክላና ናምቼ ከዱባይ ለሚመጣው ሰው ከሚከብዱት በታች ይከብዱሃል፤ ከዲንግቦቼ በላይ ግን ጥቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል። ለመለማመድ ከፈለግህ ከበረራው በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ በሰሜን ተራሮች ጨነቅ (3,620) ሁለት ሦስት ሌሊት እደርና ቧሂትን (4,430) ውጣ። ከሦስት ወር በፊት የወጣህበት ለጉልበትህ እንጂ ለደምህ አይቆጠርም። የዕረፍት ቀናቱ ለሁሉም ናቸው። ቀን አትቀንሱ።

ጠያቂ፦ በጣም ከባድ ነው?

መላሽ፦ ይህ መልስ ያለው ጥያቄ አይደለም። በተከታታይ ስድስት ቀን፣ በቀን 7 ሰዓት፣ 7 ኪሎ ተሸክመሽ ዳገት መሄድ ትችያለሽ? ከቻልሽ ጉልበትሽ ይበቃል።

ጠያቂ (ከዋሽንግተን)፦ ከኮንግማ ላ ነው ከሬንጆ ላ የሚጀመረው?

መላሽ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ከሬንጆ የጀመረ ሰው ከናምቼ በታሜ አድርጎ በሁለትና ሦስት ቀን ሉንግደን ይደርስና ወዲያው 5,360 ሜትር ይወጣል። ለመልመድ የሚሆን ጎን ለጎን መውጫ በዚያ መንገድ ጥቂት ነው። ጥቅሙ እይታው ነው፦ በሩ ላይ ስትደርስ የጎክዮ ሐይቅና ኤቨረስት ፊት ለፊት ይገለጣሉ፤ ከጎክዮ የሚወጣው ግን ያንን ከጀርባው ነው የሚተወው።

ከኮንግማ የጀመረው ዲንግቦቼና ቹኩንግ ላይ ይለምዳል። በዕረፍቱ ቀን ቹኩንግ ሪ ወደሚባለው ከመንደሩ በላይ ወዳለው ጫፍ ወጥቶ ተመልሶ ዝቅ ብሎ ይተኛል፤ ከፍ ብሎ መዋል፣ ዝቅ ብሎ ማደር። የኔ ምክር ይኸኛው ነው።

ስለ ኮንግማ ግን ሁለት ነገር እወቂ። አንደኛ፣ ከቹኩንግ እስከ ሎቡቼ ከ7 እስከ 10 ሰዓት ያስኬዳል፤ መሃሉ ላይ ሻይ ቤትም ሎጅም የለም። ከበሩ ሥር ያሉት ኩሬዎች በረዶ ስለሚሆኑ 3 ሊትር ውኃ ከቹኩንግ ይያዝ። ሁለተኛ፣ ከበሩ ወርደሽ «አለቀ» ስትዪ የኩምቡ የበረዶ ግግር ይጠብቅሻል። ከላይ ድንጋይና አፈር የለበሰ፣ ከሥሩ የሚንቀሳቀስ በረዶ ነው፤ መንገዱም ከወቅት ወቅት ይቀየራል። ሎቡቼ በዓይን እየታየ አንድ ሰዓት ተኩልና ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ ሰው ደክሞ የሚሳሳተውም እዚህ ነው። ጉም ከወረደ ከመሪው ዓይን አትራቂ። መነሻው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው።

ጠያቂ (ከዱባይ)፦ ሰዓቱ በማን አቆጣጠር ነው?

መላሽ፦ በእኛ። የመሪህ ሰዓት 5 ሲል ነው።

ጠያቂ፦ የትኛውን ካሜራ ልያዝ?

መላሽ፦ ስለ ካሜራ ሌላ ሰው ጠይቅ። ባትሪውን ግን ሌሊት ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ይዘኸው ተኛ፤ ብርድ ይጨርሰዋል።

ጠያቂ (ከሪያድ)፦ ቾ ላ በረዶ ላይ መሄድ አለበት ይባላል። ጫማ ላይ የሚደረገው ጥርስ ግዴታ ነው?

መላሽ፦ ማይክሮስፓይክ፣ አዎ፣ ግዴታ ነው። ትልቁ ባለ 12 ጥርስ አያስፈልግም። ናምቼ ይሸጣል፤ ግን በእግርህ ጫማ ልክ ለክተህ ግዛ። የላላ ሰንሰለት በረዶ ላይ ይሽከረከራል።

ከድዞንግላ ከሌሊቱ 10 እስከ 11 ሰዓት ይነሳሉ፣ የግንባር ባትሪ አብርተው። መጀመሪያ ሜዳ፣ ከዚያ በእጅ ጭምር የሚወጣ ትልልቅ አለት፣ ከዚያ የበረዶው ግግር። ግግሩ ለጥ ያለ ይመስላል፤ ነገር ግን አዲስ በረዶ ስንጥቆችን ይሸፍናል፤ ስለዚህ ከተረገጠው ዱካ ውጭ ለፎቶ አንድ እርምጃ እንኳ አይኬድም። በሩ ላይ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት መድረስ ይገባል። ምክንያቱም በምዕራብ በኩል ያለው ቁልቁለት ልቅ ድንጋይ ነው፤ ሌሊት ውርጭ አንድ ላይ ያስረዋል፣ ፀሐይ ሲያገኘው ይለቀዋል፣ ድንጋዩም ይወርዳል። እዚያ ተራርቆ መውረድ፣ ከሰው በላይ ቆሞ አለመጠበቅ፣ ድንጋይ ከተንሸራተተም ጮሆ ማስጠንቀቅ ነው። ቁልቁለቱ ሲያልቅ ደግሞ ወደ ድራግናግ ከመድረስህ በፊት አንድ ትንሽ ዳገት አለ፤ ለእሱ ጉልበት አስተርፍ።

አዲስ በረዶ ከጣለ መሪው ከማዶ የመጡ ሰዎችን ድዞንግላ ላይ ይጠይቃል። ማንም ካልተሻገረ አይኬድም። በፌሪቼና በፎርትሴ በኩል ዞሮ ጎክዮ መግባት ይቻላል፤ ሁለት ሦስት ቀን ይጨምራል። መጠባበቂያ ቀን ያልኩት ለሉክላ ብቻ አይደለም።

ጠያቂ (ከአትላንታ)፦ ጉዞዬ ሁዳዴ ላይ ይውላል። የጾም ምግብ ይገኛል?

መላሽ፦ ይገኛል፣ እህቴ። ዳል ባት የሚባለው ሩዝ፣ ምስር ወጥና አትክልት በየሎጁ አለ፤ ቅቤ እንዳይጨምሩ አስቀድመሽ ንገሪ። ድንችም ሞልቷል። ሼርፓዎች የሚበሉት ጻምፓ የተቆላ ገብስ ዱቄት ነው፤ የእኛ በሶ ማለት ነው። በሶና ዳቦ ቆሎ ከቤት ብትይዢ ለበሩ ቀን የሚስተካከለው ስንቅ የለም፤ ቸኮሌት በብርድ ድንጋይ ሲሆን በሶ በውኃ ይበጠበጣል። እስከ 9 ሰዓት ሳይበሉ መቆየቱን ግን በበር ቀን እንዳታስቢው። ከመነሳትሽ በፊት ለንስሐ አባትሽ አስረጂ።

አባል (ከለንደን)፦ ሥጋ ሳይበላ ይህ ሁሉ ዳገት ይወጣል እንዴ? ፕሮቲን…

መላሽ፦ ከናምቼ በላይ ጾመኛ ያልሆነውም ሥጋ ባይበላ ይሻላል። በሸለቆው ውስጥ አይታረድም፤ ከታች በሰውና በእንስሳ ጀርባ ቀናት ተጉዞ ያለ ማቀዝቀዣ ነው የሚመጣው። ተቅማጥ የያዘው ሰው ውኃ ያጣል፣ ውኃ ያጣ ሰው ደግሞ በር አይሻገርም።

ጠያቂ፦ የዓመት እረፍት ፈቃዴ አጭር ነው። በ12 ቀን አይሆንም?

መላሽ፦ ተመልሷል። አይሆንም። 12 ቀን ካለህ ናምቼ፣ ጎክዮና ጎክዮ ሪ (5,357) ሄደህ በመጣህበት ተመለስ። ራሱን የቻለ ጉዞ ነው።

ጠያቂ (ከአዲስ አበባ)፦ ቪዛ ካትማንዱ ስደርስ ይሰጠኛል ብለውኛል።

አባል (ከዋሽንግተን)፦ አዎ፣ ለሁሉም ይሰጣል። 30 ቀን 50 ዶላር ነው።

መላሽ፦ ለሁሉም አይሰጥም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ሲደርስ ቪዛ ከማያገኙት ጥቂት አገሮች ዝርዝር ውስጥ ነው፤ ከኔፓል ኤምባሲ አስቀድሞ ማውጣት አለበት። የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው ሲደርስ ያገኛል። ዱባይና ሪያድ ያላችሁ አቡዳቢና ሪያድ ኤምባሲ አለላችሁ። ቲኬት ከመግዛታችሁ በፊት ይህ ይለቅ።

ጠያቂ (ከሪያድ)፦ ሻንጣዬ 20 ኪሎ ሆኗል። ሼርፓው ይሸከመዋል አይደል?

መላሽ፦ መጀመሪያ፣ ሼርፓ ሕዝብ ነው እንጂ የሥራ ስም አይደለም። ከተሸካሚዎቹ ብዙዎቹ ከቆላው ወረዳ የሚመጡ ራይና ታማንግ ናቸው፤ ከፍታው እንደ አንተው ያማቸዋል።

አንድ ተሸካሚ የሁለት ሰው ዕቃ ይይዛል፤ ከራሱ ዕቃ ጋር ከ30 ኪሎ ማለፍ የለበትም። ስለዚህ ያንተ ድርሻ ከ10 እስከ 12 ኪሎ ነው። ሻንጣህን ዛሬውኑ ክፈተው። ሁለት ሱሪ፣ ሦስት ካልሲ፣ አንድ ወፍራም የላባ ጃኬት፣ አንድ ንፋስና ዝናብ የሚከለክል፣ እስከ 15 ዲግሪ ከዜሮ በታች የሚያስተኛ ስሊፒንግ ባግ፣ ሁለት ምርኩዝ፣ ጨለማ መነጽር። ጂንስ የለም። ውኃ የምታጣራበትን ማጣሪያ ሌሊት እቅፍህ ውስጥ አድርገው፤ አንዴ ከበረደና ውስጡ ከተሰነጠቀ እየሠራ ይመስላል እንጂ አያጣራም።

ድርጅቱን እነዚህን በጽሑፍ ጠይቅ፦ ተሸካሚው መድን አለው? ለቾ ላ ጫማ፣ ጓንት፣ መነጽርና ማይክሮስፓይክ ይሰጠዋል? ሲታመም ማን ይዞት ይወርዳል? ደሞዙ ለቀነሱት ቀን ይቆረጣል? መልሱን ያድበሰበሰ ድርጅት አንተ ስትታመምም ያድበሰብሳል። በሸራ ጫማ ቾ ላን የሚሻገር ሰው ዕቃህን ተሸክሞ ካየህ ጥፋቱ ያንተም ነው።

ጠያቂ (ከአትላንታ)፦ ዳያሞክስ የሚባለውን የከፍታ ሕመም መድኃኒት ልውሰድ?

መላሽ፦ ሐኪምሽን ጠይቂ፤ በተለይ የሰልፋ አለርጂ ካለብሽ። ለመከላከል የተለመደው 125 ሚሊ ግራም ጠዋትና ማታ፣ መውጣት ከመጀመሩ በፊት ባለው ቀን ይጀመራል። ጣት ይነዝራል፣ ሽንት ያበዛል። የጠፋ ቀን ግን አይተካም። ቀን አትቀንሱ። ኢንሹራንሱም እስከ 6,000 ሜትር የእግር ጉዞንና ሄሊኮፕተርን በግልጽ የሚሸፍን ይሁን።

ጠያቂ (ከዱባይ)፦ ካመመኝስ? ዝም ብሎ ቁልቁል መውረድ ነው?

መላሽ፦ በየትኛው ቁልቁል ነው ጥያቄው። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ካለ እዚያው እደር፤ እስኪለቅ ወደ ላይ የለም። ተቀምጠህ ትንፋሽ ካጠረህ፣ ወይም ተረከዝን ከጣት እያገናኘህ ቀጥ ብለህ አሥር እርምጃ መሄድ ካቃተህ፣ ሌሊትም ቢሆን ያኔውኑ ቢያንስ 500 ሜትር መውረድ ነው።

ይህን መንገድ ልዩ የሚያደርገው፣ በሩን መሻገር መውረድ አለመሆኑ ነው። ኮንግማ ላ ላይ ያመመው ወደ ሎቡቼ ከቀጠለ የሚያድረው 4,910 ላይ ነው፤ ቹኩንግ 4,730 ነው፤ ስለዚህ ወደ ኋላ ተመልሶ በዚያው ወደ ዲንግቦቼ ይቀጥላል። ድዞንግላ ላይ ያመመው ቾ ላን አይነካም፤ ወደ ፌሪቼ (4,370) ይወርዳል፤ ሰው በሚበዛበት ወቅት ሐኪሞች ያሉበት ጤና ጣቢያ እዚያ አለ። ጎክዮ ላይ ያመመው ሬንጆን ትቶ በሸለቆው ወደ ማቸርሞ፣ ከዚያም ወደ ዶሌ ይወርዳል። ብቻውን ማንም አይላክም፤ ከመሪው ወይም ከረዳቱ ጋር ነው፤ ተሸካሚውም ከታመመ እንደዚያው። ይህን ሦስት መስመር ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ያዙ፤ ጭንቅላቱ የዞረበት ሰው ካርታ አያነብም።