የሙዚየም ሥዕል ሸጦ የበጀት ጉድለት መሸፈን ይቻላል?

ጥያቄ፦ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ቦርድ አባል ነኝ። አስተዳደሩ ጉድለት ለመሸፈን ከሙዚየማችን ሁለት ሥዕሎች ይሸጡ ብሏል። ድምፅ ከመስጠቴ በፊት ምን ልመርምር?

መልስ፦ ዋጋውን ከማስገመትዎ በፊት የስጦታ ውሉን ያስወጡ። ለጋሹ «አይሸጥ» ወይም «አይነጣጠል» ብሎ ከሆነ ቦርዱ ብቻውን ሊወስን አይችልም፤ ፍርድ ቤት ይገባበታል። ሠዓሊዋ ጆርጂያ ኦኪፍ እ.ኤ.አ. በ1949 ለአሜሪካው ፊስክ ዩኒቨርሲቲ 101 ሥራዎች ስትሰጥ እንዳይሸጡ ገደብ አኑራ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ገንዘብ ሲቸግረው ለዓመታት ተሟግቶ፣ በ2012 የስብስቡን ግማሽ ድርሻ ብቻ ለክሪስታል ብሪጅስ ሙዚየም በ30 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። ሥራዎቹ አሁን በሁለቱ ተቋማት እየተፈራረቁ ይታያሉ።

ቀጥሎ ገንዘቡ የት እንደሚገባ ይጠይቁ፤ የሥነ ምግባሩ ጥያቄ ያለው እዚህ ላይ ነው። የሰሜን አሜሪካ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ዳይሬክተሮች ማኅበር ከሽያጭ የተገኘ ገንዘብ አዲስ ሥራ ለመግዛት ወይም፣ ከ2022 ማሻሻያ ወዲህ፣ ለስብስቡ ቀጥተኛ እንክብካቤ፣ ማለትም ሥራዎቹን ለማከማቸትና ለመጠበቅ፣ ብቻ ይዋል ይላል። ደመወዝና የሕንፃ ዕድሳት አይካተቱም። ደንቡ ሕግ አይደለም፤ ቅጣቱ ግን ይሰማል። ራንዶልፍ ኮሌጅ በ2014 የጆርጅ ቤሎውስን ሥዕል ለለንደኑ ናሽናል ጋለሪ በ25.5 ሚሊዮን ዶላር ሲሸጥ፣ ማኅበሩ አባላቱ ለኮሌጁ ሙዚየም ሥራ እንዳያውሱ ጠየቀ።

ደግሞም ጉድለቱ በየዓመቱ የሚመለስ ከሆነ ሽያጩ የሚያቃልለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ገንዘብ የሚያወጣው ምርጡ ሥዕል ስለሆነ ቀድሞ የሚሄደውም እሱ ነው። ለመለገስ ያሰበ ሰውም ይህን አይቶ እጁን ይሰበስባል።

ጥያቄ፦ ሥዕሎቹ መጋዘን ውስጥ ናቸው፤ ማንም አያያቸውም። ታዲያ ምን ይጎድላል?

መልስ፦ የአብዛኛው ሙዚየም ስብስብ የሚኖረው መጋዘን ነው። በወረቀት ላይ የተሠሩት እንዲያውም ብርሃን ስለሚያደበዝዛቸው በየጊዜው በጨለማ ማረፍ አለባቸው። አንድን ሥራ ከስብስቡ መዝገብ ሰርዞ ለማስወጣት በቂ ምክንያት የሚሆነው ሥራው ድግግሞሽ፣ ሐሰተኛ፣ ሊጠገን የማይችል ወይም ከሙዚየሙ ዓላማ ውጭ መሆኑ ነው። ይህንንም የስብስቡ ኃላፊ በጽሑፍ ያስረዳ።

ጥያቄ፦ ለመሸጥ ከተወሰነስ?

መልስ፦ ሽያጩን ከማያካሂዱ ሁለት ገምጋሚዎች ግምት ይውሰዱ። መጀመሪያ ሕዝብ ለሚያያቸው ሙዚየሞች ያቅርቡ፤ በሐራጅ ለግለሰብ የተሸጠ ሥዕል ከዕይታ ሊጠፋ ይችላል። ሐራጅ ከመረጡ ዝቅተኛ መሸጫ ዋጋውን አያጋንኑ፤ በአደባባይ ገዢ ያጣ ሥዕል በቀጣዩ ጨረታ ዋጋው ይወርዳል። ለቦርዱ የሚቀርበው አኃዝም ኮሚሽን፣ ኢንሹራንስና ማጓጓዣ የተቀነሰለት ይሁን።