ላይሶሶም፦ ከኮዬ ፈጬ የቅዳሜ ጥያቄና መልስ

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ እኛ ብሎኮች መሀል ባለው ኮሙናል፣ ቅዳሜ ከሰዓት ልጆችን ባዮሎጂ አስጠናለሁ። ባለፈው ሳምንት ተራው የላይሶሶም ነበር፤ ህዋስ ውስጥ ያረጀውን የሚፈጭ ትንሽ ክፍል ነው። ልጆቻቸውን ሊወስዱ የመጡ ወላጆችም ቁጭ ብለው ጠየቁ። ላልተገኛችሁ ጥያቄዎቹን ከነመልሳቸው ጽፌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ ደብተራችን ላይ «ላይሶሶም የህዋስ ቆሻሻ መጣያ ነው» ብለን ጽፈናል። ልክ ነው?

መልስ፦ ባትጽፉት ይሻላል። መጣያ ውስጥ የገባ ነገር እዚያው ይቀራል። ላይሶሶም የሚመስለው ጠዋት «ቆራሌው!» እያለ በብሎኩ መሀል የሚያልፈውን ልጅ ነው። ያረጀ ድስትና የተሰበረ ብረት ይሰበስባል፤ ብረቱ ቀልጦ ሌላ ዕቃ ይሆናል። ላይሶሶምም ያረጀውን ፕሮቲን ፈትቶ ወደ ተሠራበት አሚኖ አሲድ ይመልሰዋል። ስቡንም፣ ስኳሩንም እንደዚሁ። ህዋሱ ያንን መልሶ ይሠራበታል።

ቅርጹ ቀላል ነው። በአንድ ስስ ሽፋን የተከበበ ትንሽ ከረጢት ነው። ብዙዎቹ ከአንድ ማይክሮሜትር ያንሳሉ። ሺህ ቢደረደሩ አንድ ሚሊሜትር አይሞሉም። ውስጡ ግን 60 ያህል ዓይነት ኢንዛይም፣ ማለትም እንደ መቀስ የሚቆርጥ ፕሮቲን አለ፤ እያንዳንዱ የሚቆርጠው የራሱ ነገር አለው።

ጥያቄ፦ ሁሉን የሚፈጭ ከሆነ ህዋሱን ለምን አይፈጨውም?

መልስ፦ ይህን የጠየቀችው የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ናት። ጎበዝ! ሁለት መከላከያ አለ። አንደኛው ሽፋኑ ነው። ከውስጥ በኩል ያሉት ፕሮቲኖቹ ጥቅጥቅ ያለ የስኳር ልባስ ስላላቸው ኢንዛይሞቹ በቀላሉ አይቆርጧቸውም።

ሁለተኛው አሲዱ ነው፤ እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝም እሱ ነው። ሽፋኑ ላይ ያሉ ፓምፖች የህዋሱን ነዳጅ ኤቲፒን እያቃጠሉ፣ አሲድ የሚያደርገውን ሃይድሮጅን አዮን ወደ ውስጥ ይገፋሉ። ስለዚህ የውስጡ ፒኤች (የአሲድ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ4.5 እስከ 5 ይሆናል። ውጪው 7.2 ገደማ ነው። ቁጥሩ የተቀራረበ ይመስላል፤ የአሲዱ ልዩነት ግን ከ100 እጥፍ በላይ ነው። ኢንዛይሞቹ ደግሞ በደንብ የሚሠሩት በአሲድ ውስጥ ነው። አንድ ላይሶሶም ቢያፈስ የወጣው ኢንዛይም ይደክማል። ብዙዎቹ ባንዴ ቢፈነዱ ግን ህዋሱ ይሞታል።

ጥያቄ፦ ማን አገኘው?

መልስ፦ ቤልጂየማዊው ክርስቲያን ደ ዱቭ፣ በ1955 እ.ኤ.አ.። ፍለጋው ግን ላይሶሶምን አልነበረም፤ ኢንሱሊን ጉበት ላይ የሚሠራውን ሥራ ነበር። ከአይጥ ጉበት አንድ ኢንዛይም ለካ፤ ከጠበቀው በጣም አነሰ። ናሙናው ፍሪጅ ውስጥ አምስት ቀን ቆይቶ ሲለካ ግን ጨምሮ ተገኘ። «ልኬቱ ተሳስቷል» ብሎ አልጣለውም። ኢንዛይሙ በሽፋን ተከልሎ ነበር፤ ሽፋኑ ሲላላ ወጣ። በ1974 እ.ኤ.አ. ከሁለት ሳይንቲስቶች ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ጥያቄ፦ ተክልስ አለው?

መልስ፦ የተክል ህዋስ ውስጥ ይህን ሥራ በአብዛኛው የሚሠራው ቫኩዎል የሚባለው፣ ፈሳሽ የያዘው ትልቅ ከረጢት ነው።

ጥያቄ (ከአንድ አባት)፦ እኔ ድንጋይ ካባ ነው የምሠራው። ይሄ ነገር እኔን ይመለከተኛል?

መልስ፦ በጣም ይመለከትዎታል፣ ጋሼ። ብዙ ድንጋይ ውስጥ ሲሊካ የሚባል ነገር አለ። ድንጋይ ሲፈጭና ሲቆረጥ በዓይን የማይታየው ደቃቅ አቧራ ሳንባ ውስጥ ጠልቆ ይገባል። እዚያ ማክሮፋጅ የሚባሉ ጠባቂ ህዋሶች ይውጡታል። የዋጡትን ሁሉ ወደ ላይሶሶም ይልኩታል። ባክቴሪያ ቢሆን ኖሮ ያልቅለት ነበር። ሲሊካን የሚቆርጥ ኢንዛይም ግን የለም። ይባስ ብሎ ፍንጣሪው የላይሶሶሙን ሽፋን ይጎዳል። ኢንዛይሙ ይፈስሳል፣ ማክሮፋጁ ይሞታል። ፍንጣሪው ነጻ ይወጣል፤ ሌላ ማክሮፋጅ ይውጠዋል፤ እሱም ይሞታል።

ይህ ለዓመታት ሲደጋገም ሳንባው ይቆስላል፣ ጠባሳ ይሠራል። በሽታው ሲሊኮሲስ ይባላል። ጠባሳውን የሚመልስ መድኃኒት የለም፤ ለቲቢ መጋለጥንም ይጨምራል። ስለዚህ ጋሼ፣ ድንጋዩ ከመቆረጡ በፊትም ሲቆረጥም ውኃ ይርከፈከፍበት። ፊት ላይ የሚታሰር ሻርፕ ደቃቁን አቧራ አያስቀርም፤ ለአቧራ የተሠራ፣ ፊት ላይ ግጥም የሚል ማስክ ያስፈልጋል። አሠሪዎን ይጠይቁ፤ መጠየቅ መብትዎ ነው። ሳል ከቆየብዎ ወይም ዳገት ላይ ትንፋሽ ካጠረዎ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ሥራዎን አይደብቁ። «ካባ ነው የምሠራው» ይበሏቸው።

ጥያቄ፦ የቲቢ ጀርምስ ለምን አይፈጭም?

መልስ፦ የዋጠው ማክሮፋጅ ውስጥ ሆኖ፣ ያለበት ከረጢት ከላይሶሶም ጋር እንዳይዋሃድ ስለሚያግድ ነው። ካላዛር የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው ተሕዋስ ደግሞ የባሰ ነው፤ አሲዱን ተቋቁሞ እዚያው ውስጥ ይራባል።

ጥያቄ (ከአንዲት እናት)፦ ስንጾም ሰውነት ራሱን ያጸዳል ይላሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ መሠረት አለው፣ እማማ። ህዋስ ምግብ ሲያጣ ከራሱ ያረጀ ክፍል ጠቅልሎ ለላይሶሶም ያቀርባል። ኦቶፋጂ ይባላል። ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ በእርሾ ላይ አጥንቶት በ2016 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልሟል። ሳንጾምም በመጠኑ ሁልጊዜ አለ። ከዚህ ተነስቶ «ጾም መድኃኒት ይተካል» ማለት ግን አይቻልም። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ከመጾምዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ።

ጥያቄ፦ ላይሶሶም የሌለው ህዋስ አለ?

መልስ፦ አለ። የሰው ቀይ የደም ህዋስ ሲበስል ኒውክለሱንም ላይሶሶሙንም ያስወግዳል። 120 ቀን ያህል ደም ውስጥ ይዞራል። ሲያረጅ ጣፊያና ጉበት ውስጥ ያሉ ማክሮፋጆች ይውጡትና በላይሶሶማቸው ይፈቱታል። ብረቱ አይጣልም። በደም ተጭኖ ወደ አጥንት መቅኔ ይሄዳል፤ እዚያ አዲስ ቀይ የደም ህዋስ ይሠራበታል።