ደን ያለበት ወይም ፓርክ ተብሎ የተመደበ መሬት ልግዛ? ጥያቄና መልስ

በመሬት ቅየሳ ሥራ ረጅም ጊዜ ቆይቻለሁ። ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠሩኝ ከገዙ በኋላ ነው። ያኔ ደግሞ ማድረግ የሚቻለው ትንሽ ነው። ስለዚህ ዛሬ ገና ላልፈረማችሁ ጥያቄው ክፍት ነው። ሕጉ እንደየአገሩ ይለያያል። እኔ የማነሳው የትም ብትሆኑ መጠየቅ ያለባችሁን ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ቦታ አይቼ በጣም ወደድኩት። ዋጋው ከጎረቤቶቹ በግማሽ ይቀንሳል። ፕላኑ ላይ ግን "ፓርክ" ይላል። ደላላው "እሱ ወረቀት ላይ ብቻ ነው" አለኝ። ልግዛ?

አይ፣ ገና አትግዛ። የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ የሚያየው ያንኑ ወረቀት ነው። ምደባው ደግሞ የተጻፈው በመሬቱ ላይ ስለሆነ ባለቤት ሲቀየር አይነሳም። ሻጩ "ስንት ዓመት ስኖርበት ማንም አልነካኝም" ቢልህም ምንም አያረጋግጥልህም። ምናልባት ፈቃድ ጠይቆ አያውቅም።

"ፓርክ" የሚለው ቃል ራሱ አንድ ነገር ብቻ አይደለም። መንግሥት ወደፊት ወስዶ የሕዝብ መናፈሻ ሊያደርገው ያቀደው ቦታ ሊሆን ይችላል። በተፈጥሮ ጥበቃ ክልል ውስጥ የቀረ የግል ይዞታም ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ መሬቱ በግል እጅ እንዲቆይ፣ ግን ክፍት ሆኖ እንዲኖር የተወሰነበት ነው። ሦስቱ ፍጹም የተለያዩ ናቸው። የፕላን ቢሮውን በጽሑፍ ጠይቅ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበል። በስልክ የተነገረህ ነገር ነገ ማስረጃ አይሆንህም። ዋጋው በግማሽ የቀነሰው ሌሎች ይህን ጠይቀው ስለሄዱ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ መንግሥት ቢወስደውስ? ካሳ አገኛለሁ አይደል?

ምናልባት። ግን ስሌቱ አንተ በልብህ የያዝከውን ዋጋ ላይከተል ይችላል። "ቪላ ሠርቼበት ቢሆን ኖሮ" የሚለው ብዙ ቦታ አይታሰብም። ከካሳው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ግን መጠበቁ ነው። ብዙ ፕላኖች ለዓመታት ሳይፈጸሙ ይቀመጣሉ። በዚያ ሁሉ ጊዜ መሥራት አትችልም፣ ገዢም አታገኝም። እንግሊዝን የመሳሰሉ አገሮች የተወሰኑ ባለንብረቶች የመንግሥት አካሉ እንዲገዛቸው የሚጠይቁበት መንገድ አላቸው። ሁሉም ሰው ግን መስፈርቱን አያሟላም። ዕቅዱን እያወቅህ ከገባህ በተለይ ጠበቃ ሳታማክር በዚህ አትተማመን።

ጥያቄ፦ ሻጩ "ምደባው በቅርቡ ይቀየራል፣ ውስጥ ሰው አለኝ" ይላል።

እርግጠኛ ከሆነ ውሉ ላይ ይፈርም። "ምደባው ተቀይሮ የግንባታ ፈቃድ ካልተገኘ ውሉ ይፈርሳል፣ ቀብዱም ሙሉ በሙሉ ይመለሳል" ብላችሁ ጻፉ፤ ቀኑንም ወስኑ። ካመነታ መልስህን አገኘህ። "ውስጥ ሰው አለኝ" የሚለው ደግሞ ለብቻው ጥሎ ለመሄድ ይበቃል።

ጥያቄ፦ እኔ ያየሁት መሬት ላይ የቀድሞው ባለቤት ከአንድ የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት ጋር የዘላለም ስምምነት ፈርሟል። እኔን ያስረኛል?

ብዙውን ጊዜ ያስርሻል። ለምሳሌ በአሜሪካ እንዲህ ያለው የጥበቃ ስምምነት ከመሬቱ ጋር ይተላለፋል፤ ቀጣዩ ገዢም ይገዛበታል። ግን ወዲያው አትሽሺ። አንዳንዱ ስምምነት ለአንድ ቤት የሚሆን ቦታ ለይቶ ይተዋል። ሙሉ ሰነዱን ከነካርታው አስመጪና አንብቢ። ቤት የት ይፈቀዳል? መንገድ ማስፋት ይቻላል? ጉድጓድ ማስቆፈርስ? ደኑን እንዳለ ማቆየት ከፈለግሽ ይህ ስምምነት ለአንቺ ጠባቂ ነው፤ የዋጋውም ቅናሽ ይጠቅምሻል።

ጥያቄ፦ የራሴን ዛፍ ለመቁረጥ ፈቃድ ያስፈልገኛል እንዴ?

በብዙ አገር፣ አዎ። በእንግሊዝ በ1967 እ.ኤ.አ. በወጣው የደን ሕግ መሠረት በአንድ ሩብ ዓመት (ሦስት ወር) ከ5 ሜትር ኩብ በላይ እንጨት ለመቁረጥ በመደበኛው ፈቃድ ያስፈልጋል። አንድ ነጠላ ዛፍም እንዳይቆረጥ በጥበቃ ትእዛዝ ሊከለከል ይችላል። ሌላም አለ፦ የእንጨቱ መብት ለሌላ ሰው ተሽጦ ሊሆን ይችላል። መሬቱን ትገዛለህ፣ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሰው መጋዝ ይዞ በሕጋዊ ውል ይገባል። ስለዚህ የባለቤትነት ሰነዱን ስታስፈትሽ ዕዳና እገዳ ብቻ አይበቃም። እንጨቱ፣ ማዕድኑና ውሃው የማን እንደሆነ አብሮ ይጣራ።

ጥያቄ፦ ምደባው ችግር የለበትም፣ ቤት መሥራት ይፈቀዳል። ዛፎቹ መሀል መሥራት እፈልጋለሁ። ምን ልጠንቀቅ?

እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው።

ከእሳት እንጀምር። የደን ቃጠሎ ሲነሳ ብዙ ቤት የሚያያዘው ነፋስ በሚያመጣው ፍም ነው፤ ዋናው ነበልባል ገና ሩቅ ሳለ። ፍሙ ከኪሎ ሜትር በላይ ሊበር ይችላል። የእሳት መከላከል ባለሙያዎች ከግድግዳው ጀምሮ እስከ 1.5 ሜትር ድረስ ምንም የሚቀጣጠል ነገር እንዳይኖር ይመክራሉ። እስከ 9 ሜትር ያለው እንዲሳሳ፣ እስከ 30 ሜትር ያለውም እንዲስተካከል ይላሉ። አሁን አስብ፦ የቁረጣ ፈቃድ የማይሰጥበት ደን ውስጥ ይህን እንዴት ታደርጋለህ? ወሰንህ ከቤቱ 10 ሜትር ላይ ቢያበቃስ? ሁለቱን ደንቦች ጎን ለጎን ሳታይ አትፈርም። እሳት ዳገት ሲወጣ ደግሞ እጅግ ይፈጥናል። ኮረብታ አናት ላይ ያለው ውብ ቦታ ብዙ ጊዜ አደገኛው ነው።

ቀጥሎ ሥሩ አለ። አብዛኛው የዛፍ ሥር ጥልቅ አይደለም፤ ከላይኛው የአፈር ንብርብር ውስጥ ከቅርንጫፎቹ ጥላ አልፎ ይዘረጋል። በእንግሊዝ የግንባታ ደረጃ የሚጠበቀው ክልል የግንዱ ውፍረት በ12 ተባዝቶ ነው። ግንዱ ግማሽ ሜትር ከሆነ በ6 ሜትር ዙሪያ መቆፈር የለብህም ማለት ነው። ቤት፣ መኪና መግቢያ፣ የውሃና የፍሳሽ መስመር ከሳልክ በኋላ የትኛው ዛፍ እንደሚተርፍ በዚህ ልኬት ቁጠር። የወደድከው ዛፍ ከቀሩት ውስጥ ላይኖር ይችላል። ሸክላማ አፈር ከሆነም ሥሩ ውሃውን ሲመጥ አፈሩ ይሰበሰባል፣ መሠረቱም ይሰነጠቃል። ዛፉ ሲቆረጥ ደግሞ አፈሩ መልሶ ያብጣል። የአፈር ምርመራ የግድ ነው። መሀሉን ስትመነጥር ከነፋስ ተከልለው ያደጉት ዛፎች ዳር ላይ ይቀሩና በዐውሎ ነፋስ ሊወድቁ ይችላሉ፤ ይህንም የደን ባለሙያ ጠይቅ።

የፍሳሽ መስመር ከሌለ ሴፕቲክ ታንክ ያስፈልግሃል። ለዚያ አፈሩ ውሃ እንደሚያሰርግ መለካት አለበት። ፈተናውን ካላለፈ ሌላው ሁሉ ቢሟላም ቤቱ ላይሠራ ይችላል። ከመግዛትህ በፊት አስለካ፤ ወጪው ከጸጸት ይረክሳል።

ጥያቄ፦ ወደ መሬቱ የሚያስገባ የጭቃ መንገድ አለ። ይበቃል?

መንገድ መኖሩና የማለፍ መብት መኖሩ ለየብቻ ናቸው። መንገዱ በሌላ ሰው መሬት ካለፈ መብቱ መመዝገቡን ሰነዱን በዓይንህ አይተህ አረጋግጥ።

ጥያቄ፦ ሰው እንዳይገባ ማጠር እችላለሁ?

አገሩን አይቶ ነው። በጀርመንና በስዊድን ሕዝቡ በግል ደን ውስጥ በእግሩ የመሄድ መብት አለው። በስኮትላንድም ከ2003ቱ (እ.ኤ.አ.) ሕግ ወዲህ እንዲሁ ነው። ብቻህን መሆን ፈልገህ ከሆነ የምትገዛው ይህን አስቀድመህ እወቅ።

ጥያቄ፦ ኢትዮጵያ ውስጥስ?

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ስለዚህ "የደን መሬት ልሽጥልህ" የሚልህ ሰው ምን እየሸጠ እንደሆነ ጠይቀው። የሚተላለፈው የመጠቀም መብት ወይም በላዩ ያለው ንብረት ሊሆን ይችላል፤ ያም በአግባቡ ሲመዘገብ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ቤት አልሠራም። ጡረታ ልወጣ ነው፤ ደኑን ለልጆቼ ማቆየት ብቻ ነው የምፈልገው።

እንግዲያው የሌላው ሰው ችግር የእርስዎ ዕድል ሊሆን ይችላል። የጥበቃ ምደባ ያለበት መሬት ለእርስዎ ዓላማ ይሆናል፤ መንግሥት ሊወስደው ያቀደው ግን አይሆንም። ሲጎበኙ ወደ ላይ ብቻ አይመልከቱ። መሬት መሬቱን ይዩ። ከትላልቆቹ ሥር ልዩ ልዩ ዕድሜ ያላቸው ችግኞች ካሉ ደኑ ራሱን እየተካ ነው። ምንም ከሌለ ከብት ወይም የዱር እንስሳ እየበላው ሊሆን ይችላል፤ አጥርና ተከላ ወጪ ውስጥ ይገባል። መንገድ ዳር ያሉትን የደረቁ ዛፎችም ይቁጠሩ፤ ሰው ወይም መኪና ላይ ቢወድቁ ሊጠየቁ ይችላሉ። የዓመት ግብሩንና የመድን ዋስትናውን ደምረው ከጡረታዎ ጋር ያስተያዩት። በዝናብ ወቅትም በድርቅም ሄደው ይዩት፤ ምንጩ የዓመት ሙሉ መሆኑን የሚያውቁት ያኔ ነው። ልጆችዎንም አብረው ይውሰዷቸው፤ የሚረከቡት እነሱ ናቸውና ይፈልጉት እንደሆነ ከአሁኑ ይጠይቋቸው።