ነጻ የሚመስለው ፊልም

ጥያቄ፦ ድሮ አምባሳደር ሲኒማ በር ላይ ተሰልፈን ትኬት ቆርጠን እናይ ነበር፤ ዛሬ ልጆቼ የአማርኛ ፊልም ሳሎን ተቀምጠው በዩቲዩብ በነጻ ያያሉ። ፕሮዲውሰሩ ወጪውን የሚመልሰው ከየት ነው? (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ነጻ ቢመስልዎትም ሒሳቡን የሚከፍለው ፊልሙን እያቋረጠ የሚገባው፣ ልጆችዎን የሚያሰለቻቸው ማስታወቂያ ነው። ዩቲዩብ በረጃጅም ቪዲዮዎች ላይ ከሚገኘው የማስታወቂያ ገቢ 55 በመቶውን ለቻናሉ ባለቤት ይሰጣል። ይሁን እንጂ ዕይታ ሁሉ እኩል ዋጋ የለውም፤ አስተዋዋቂዎች ለአሜሪካ ተመልካች የሚከፍሉት ለአዲስ አበባው ከሚከፍሉት እጅግ ስለሚበልጥ፣ ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር አንድ ቤተሰብ ቅዳሜ ማታ የሚያየው ፊልም እዚህ ብዙዎች ከሚያዩት የተሻለ ሊያስገኝ ይችላል። በእኔ ግምት ትልቁ ለውጥ ይህ ነው። ገቢውም እንደ ትኬት ሽያጭ በጥቂት ሳምንታት ተሰብስቦ አያልቅም፤ ለዓመታት ይንጠባጠባል።

ስርቆትን በተመለከተ፣ ሲዲ አዟሪን ከመንገድ መንገድ ማሳደድ ለማንም አድካሚ ነበር። አሁን ኮንቴንት አይዲ የተባለው ሥርዓት ፊልሙን በምስሉና በድምፁ ለይቶ፣ ሌላ ሰው ከጫነው ቅጂ የሚገኘውን ገቢ ወደ ባለመብቱ ሊያዞር ይችላል። ሥርዓቱ ግን ለሁሉም ክፍት ስላልሆነ፣ አነስተኛ ፕሮዲውሰር የተሰረቀውን ቅጂ ራሱ እየፈለገ ቅጽ ሞልቶ እንዲነሳለት ማመልከት ይኖርበታል።