ወይን ጠጄን ሻጋታ ወረሰብኝ

ጥያቄ፦ በጅማ ፈረንጅ አራዳ የምኖር ጡረተኛ መምህር ነኝ። ልጆቼ በየበዓሉ ያመጡልኝ 60 የሚሆን ጠርሙስ ወይን ጠጅ አለኝ። ጉደርም አለበት፣ አብዛኛው ግን የውጭ ነው። ከጓሮ ባለችው የጭቃ ዕቃ ቤት፣ ከነካርቶኑ ግድግዳ አስጠግቼ አስቀምጬዋለሁ። ሐምሌ ላይ ስከፍተው የጠርሙሱ ወረቀት ተላልጦ፣ የቡሹ ራስ ነጭ ሻጋታ ይዞ አገኘሁት። ባለቤቴ ክፍሉን በበረኪና እንጠበው ትላለች። ወይኑ ተበላሽቷል? ምን ላድርግ?

መልስ፦ መምህር፣ ለባለቤትዎ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ፤ በረኪናውን ግን እባክዎ ይተዉት። በረኪና ውስጥ ያለው ክሎሪን ሻጋታና እንጨት ባለበት ክፍል ቲሲኤ ለሚባል ውህድ መነሻ ይሆናል። ሽታው የራሰ ካርቶን ነው። በአንድ ሊትር ወይን ውስጥ የግራም ቢሊዮንኛ ጥቂት እጅ ብቻ ቢገባ አፍ ይለየዋል። ቡና ላይም ሪዮ የሚባለውን መጥፎ ጣዕም የሚያመጣው እሱ ነው። አንድ ሆቴል የመጠጥ መጋዘን ይዤ ሳለሁ ወለሉን በየሳምንቱ በበረኪና አሳጥብ ነበር። እንግዶች ጠርሙስ መመለስ ሲጀምሩ ነው ጥፋቴ የገባኝ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እርስዎ በሙቅ ውሃና በሳሙና ያሳጥቡና በደንብ ያድርቁት።

ወይኑ አልተበላሸም። ሻጋታው ከቡሹ ውጭ እስከሆነ ድረስ በንጹሕ ጨርቅ ጠርገው ይክፈቱት። ቡሹ ወደ ላይ የገፋ ወይም ያፈሰሰ ካለ ግን እሱን አስቀድመው ይጠጡት።

አሁን ውሃው ከየት እንደሚመጣ እንፈልግ። ክንድ የሚያህል ፕላስቲክ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር ይለጥፉና ሁለት ቀን ያቆዩት። ጠሉ ከፕላስቲኩ በስተጀርባ፣ በግድግዳው በኩል ከተገኘ ውሃው የሚመጣው ከግድግዳው ነው፤ በክፍሉ በኩል ከሆነ ከአየሩ ነው። እኔ ግድግዳውን እጠረጥራለሁ። የጅማ ዝናብ ከመጋቢት ጀምሮ ስለማይለቅ፣ አሸንዳ የሌለው ቆርቆሮ ውሃውን የግድግዳው እግር ላይ ሲያፈስ ይከርማል። የጭቃ ግድግዳ በሲሚንቶ ከተለሰነ ደግሞ የጠጣውን ውሃ መልሶ መተንፈስ ያቅተዋል። ስለዚህ ከማንኛውም ማሽን በፊት አሸንዳ ያሠሩ፣ ግድግዳው ላይ የተከመረውን አፈር ያስነሡ፣ ቦይ ያስቆፍሩ።

አባቴ እዚያው ጅማ፣ ሂርማታ በሚባለው ሰፈር ቡና ነጋዴ ነበር። ጆንያ ግድግዳ ነክቶ ካየ ሌሊትም ቢሆን ሠራተኛ ቀስቅሶ ያስነሣው ነበር። የደረቀ ቡና እርጥበት መልሶ እንደሚስብ ያውቃልና ሁሉም በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ አንድ ክንድ ርቆ ይደረደር ነበር። ወይንዎንም እንዲሁ ያድርጉት። ካርቶኑን ያስወግዱ፤ እርጥበት ጠጥቶ ሻጋታውን የሚቀልበው እሱ ነው።

ከዚያ የእርጥበት መለኪያ ይግዙ። ርካሾቹ ስለሚሳሳቱ በጨው ይፈትኑት፦ በጠርሙስ ክዳን ጨው አድርገው፣ እርጥብ አሸዋ እስኪመስል ውሃ ጠብ ያድርጉበትና ከመለኪያው ጋር ጥብቅ በሆነ ዕቃ ዘግተው ያሳድሩት። 75 ማሳየት አለበት፤ 70 ካለ፣ ሁልጊዜ 5 ይጨምሩበት። ለወይን ከ60 እስከ 70 በመቶ መልካም ነው፤ ከ80 ሲያልፍ ሻጋታ ይነግሣል።

በክረምት ክፍሉን «አየር ይግባው» ብለው አይክፈቱት። ሞቅ ያለ እርጥብ አየር ቀዝቃዛ ክፍል ሲገባ ጠሉን ጠርሙሱ ላይ ይጥላል። በር ላይ ያለውን ክፍተት ይድፈኑ። ይህ ሁሉ ተደርጎ መለኪያው ካልወረደ ብቻ እርጥበት መምጠጫ ማሽን ያስገቡ፤ ለ60 ጠርሙስ ክፍል ትንሹ ይበቃል። ከ50 በታች ሲወርድ ግን ያጥፉት፤ አየሩ ሲደርቅ ቡሹ ይኮማተራል። ቡሽ ያላቸውን ጠርሙሶች አጋድመው ያስቀምጡ። ያልተላላጡትን ወረቀቶች፣ ጠርሙሱ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ፣ ምግብ በሚሸፈንበት ስስ ፕላስቲክ ይጠቅልሏቸው።